ሁለት ተኩል ሚሊ

ፈሂማ ዓብዱራህማን ከሦስት ወር በፊት በገዛ እጇ የሰረዘችውን መስመር ተመልሶ ኮምፒውተሯ ላይ ተጽፎ አገኘችው።

ኅዳር ነው፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጥቂት አልፏል። የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየሾለከ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል። መስመሩ ክሊኒኩ በሰላ ድንጋይ ለጥቂት ወራት ከፍቶት ስለነበረው ጊዜያዊ ጣቢያ የሚናገር ነው። ጣቢያው ነሐሴ ላይ ሲዘጋ መስመሩን አጠፋችው። ማጥፋቷን እንደ ስሟ ታውቃለች፤ ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ሳይቀር ታስታውሳለች። እንግዲህ የሞተ መስመር ማን አስነሣው?

የዚያን ዕለት ሥራዋ ቀላል ነበር። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ፊደሉ ደቀቀ ተብሎ እንድታጎላው ተጠይቃለች። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ላይ ቆሞ አንድ ቁልፍ ቢጫን፣ የኮድ መጻፊያው ያ ቃል ወደ ተብራራበት ፋይል ይዞት ይሄዳል፤ ልጓም ሳይሳብ ቤቱን እንደሚያገኝ የለመደ በቅሎ ነው። ፈሂማም እንደ ልማዷ ቁልፉን ተጫነች። በቅሎው ወሰዳት። ያደረሳት ግን ከሌላ ሰው ደጅ ነበር።

ቁልፉን ደግማ ተጫነች። ያው ቦታ። መጻፊያውን ዘግታ ከፈተችው። ያው ቦታ። ሌላ ቃል መርጣ ሞከረች፤ ስሙ ከምታውቀው ፋይል ጋር አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ፋይል ተከፈተላት። ያን ጊዜ ስለ ፊደል ማጉላት ረሳች። ትናንት በዚሁ ቁልፍ ወዴት ሄዳ፣ ምን ጽፋ እንደነበር ትዝ አላት።

ፈሂማ ከአልዩ አምባ የወጣች ልጅ ናት። አባቷ ዓብዱራህማን በዚያ ገበያ በርበሬና ጥጥ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ እናቷ ሰሊሃ ፊደል ያልቆጠረች፣ የልጇን የፈተና ወረቀት ግን በቁርኣን መደርደሪያ ሥር የምታስቀምጥ። ልጅቱ ገደሉን ወደ አንኮበር ወጥታ፣ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃን ስትማር አንደኛ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም አንደኛ ወጣች። መምህር «ማን ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ሳያልቅ እጇ ይነሣል። እናቷ አንድ ቀን «ልጄ፣ አላውቅም ማለት እኮ አፍ አያቆስልም» ብትላት፣ «አያቆስልም እማዬ፤ ግን አንደኛ አያወጣም» አለቻት። ሰሊሃም ሣቀች፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

የአዲስ አበባን ሥራ ትታ ከተፈናቃዮች መጠለያ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ የተቀጠረችው በኩራት ነው። እዚያ ከመቶ አንዷ ትሆናለች፤ እዚህ ብቻዋን ናት። የሕፃናትን ክብደት ተቀብሎ የመድኃኒታቸውን ልክ የሚያሰላውን፣ ስምና ልኩንም አትሞ የሚያወጣውን ፕሮግራም ከቀድሞው ባለሙያ ከኃይለ ገብርኤል ተረክባ እንደ አዲስ አድርጋ ጻፈችው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሳተም። በክሊኒኩም «ፈሂማ ካየችው አለቀ» የሚል አባባል ተለመደ።

ኃይለ ገብርኤል ትቶላት የሄደው አንድ ልማድ ነበር። መብራት ቀን በቀን የሚሄድባት ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነውና፣ አንድ ነገር ከመንካቱ በፊት ሙሉውን ሥራ «ቅጂ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይገለብጠዋል። ለያንዳንዱ ቅጂ ስም ሲያወጣለትም ቀን አይጽፍም፤ ያን ዕለት የዋለውን ታቦት ይጽፋል። በአሥራ ሁለት የተገለበጠው ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ የተገለበጠው ገብርኤል፣ በሃያ አንድ የተገለበጠው ማርያም ይባላል። «ቁጥር ይምታታል፤ ታቦት ግን አይምታታም» ይላት ነበር። «መብራት ሲሄድ የሚተርፍሽ የገለበጥሽው ብቻ ነው።» ፈሂማ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ከዚህ የተሻለ መንገድ ነበር፤ እቀይረዋለሁ ስትል ዓመት አለፈ። እርሷም ገና ከመጣች ጀምሮ በየታቦቱ ስም ስትገለብጥ ኖረች፤ መልካሙ የሚባለው የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያም «ሐጂ ፈሂማ ዛሬ ማንን አነገሡ?» እያለ ይቀልድባታል።

አሁን ማውሱን በተከፈተው ፋይል ስም ላይ አሳረፈችው። ሙሉ አድራሻው ዘርዘር ብሎ ወጣ። መጨረሻው ላይ «ቅጂ» ይላል፤ ከሥሩ «የሐምሌ ገብርኤል»።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ የተገለበጠ ነው። ሰላ ድንጋይ ገና ሳይዘጋ።

ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠላት፤ ቀስ ማለቱም ፍርሃቱን አበረታው። መጻፊያው ማክሰኞ ዕለት ራሱን ወደ አዲስ ዕትም አሳድጎ ነበር። ቀድሞ «ቅጂ ውስጥ አትግባ» የሚል ትእዛዝ ጽፋለት ነበር፤ አዲሱ ዕትም ግን ትእዛዙን ከሌላ ፋይል ነው የሚያነበው፤ የድሮውን አላየውም። እናም ፎልደሮቹን ሁሉ በረበረ፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን ፋይሎች በተራ ሰበሰበ፤ ቁልፉ ሲጫን ከሁሉ ፊት ያገኘውን ከፈተ። መጻፊያው አልዋሸም። የጠየቀችውን ቃል አምጥቶላታል፤ የትኛውን እንደምትፈልግ የነገረው ሰው አልነበረም።

ትናንት ረቡዕ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት አዲስ ሽሮፕ መጣ። ከድሮው እጥፍ ይበረታል፤ ስለዚህ ድሮ አምስት ሚሊ የሚሰጠው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ተኩል ብቻ መውሰድ አለበት። ዶክተር ቃለ አብ፣ የክሊኒኩ ሐኪም፣ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ «ሌላ ሰውም አብሮሽ ይየው?» ሲላት «አያስፈልግም ዶክተር፤ እኔው እፈትሸዋለሁ» አለችው። አስተካከለችው፤ ፈተሸችውም፤ መፈተሻውንም በዚያው ቁልፍ ከፍታ ነበርና የገብርኤልን ቅጂ በገብርኤል ቅጂ ፈተሸች። ትክክል ነው የሚለው አረንጓዴ ምልክት በራ። ደስ ብሏት ቤቷ ሄደች።

የሚሠራውን ፋይል በእጇ ፈልጋ ከፈተችው። የሽሮፑ ብርታት የተጻፈበት ቁጥር የድሮው ነው። ማንም አልነካውም።

ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወረቀቶቹ ታትመዋል።

ሁለት ደቂቃ ያህል ከወንበሯ አልተነሣችም። በዚያች ሁለት ደቂቃ ያሰበችውን ለማንም አልተናገረችም፤ እኛ ግን እንናገረው። ቁጥሩን አስተካክላ፣ ወረቀቶቹን ዳግመኛ አትማ፣ «ፊደሉን አጉልቻለሁና የጠዋቱን መልሱልኝ» ብትል ማንም አይጠረጥርም። ስሟ እንደ ነበረ ይቆያል። ይህን አሰበችው፤ ቃላቱንም አሰናዳች። ከዚያ ግን «የተሰጠ ካለስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ያዘጋጀችውም ሁሉ ከአፏ ረገፈ። እየሮጠች ወጣች።

ሲስተር ንጋቷ ክሊኒኩ ሲከፈት ጀምሮ ያለች፣ ወፍራም ሹራብ ከነጭ ልብሷ ላይ የምትደርብ ትልቅ ሴት ናት። ሕፃን እየመዘነች ነበር።

«ሲስተር፣ የሚጥል በሽታው ሽሮፕ ይቁም። አይሰጥ። ልኩ ተሳስቷል።»

«ቀስ በይ ፈሂማዬ። ምን አልሽ?»

«እጥፍ ነው ያለው ወረቀቱ። ሁለት ተኩል መሆን ያለበትን አምስት ብሏል።»

ሲስተር ንጋቷ ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ አስታቀፈች። «መልካሙ!» ብላ ጮኸች።

መልካሙ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት ከፍቶ አንገቱን አወጣ። «ምነው፣ ቤት ተቃጠለ?»

«ዛሬ ስንት የሽሮፕ ወረቀት ወጣ?» አለች ሲስተር ንጋቷ።

«ስድስት። አራቱ እዚህ ናቸው፤ ባለቤቶቹ አልመጡም። ሁለቱን ሰጥቻለሁ።»

«አምስት ሚሊ ብሎ ሲወጣ አላየህም?»

«አየሁ እንጂ። ለአንዱ ልጅ፣ ለኢስሀቅ፣ ድሮም አምስት ነው፤ ምኑ ያስደነግጠኛል? ደግሞ ፈሂማ አስተካክላዋለች ተባለ።» ከዚያ የፈሂማን ፊት አየ፤ ቀልዱም ከፊቱ ጠፋ። «አላስተካከልሽውም እንዴ?»

«አላስተካከልኩትም» አለች ፈሂማ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

አንደኛውን ሽሮፕ የወሰደው ተፈራ የሚባል የከተማው አናጢ ነበር፤ በስልክ ተገኘ፤ ለልጁ ገና አልሰጠም። ሁለተኛዋ የኢስሀቅ እናት ዩምና ናት፤ ከወለጋ ተፈናቅላ በመጠለያው የምትኖር። ስልኳ ዝግ ነው። ጠርሙሱ ከትናንት ጀምሮ ስላለቀባት፣ መልካሙ ራሱ «ቤት እንደደረስሽ አሁኑኑ ስጪው» ብሎ ሰዷታል። ከሄደች ሰዓት ተኩል ሆኗታል።

ሲስተር ንጋቷ የትንፋሽ መርጃውን ፊኛ ከመሳቢያ አውጥታ በሻርፕ ጠቀለለችው። ለምን እንደያዘችው ፈሂማ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ባጃጁ ድንጋያማውን መንገድ ሲወጣ ነፋሱ ከጎንና ከጎን ይገባል። ፈሂማ በልቧ ታሰላ ነበር፤ ከማስላት በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ክብደቱ አሥራ ስድስት ኪሎ። ዕድሜው አራት። መጠኑ እጥፍ። መልሱ ስንት ነው? ለዚህ መልስ የሚያወጣ ፕሮግራም አልጻፈችም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ» አለች ሲስተር ንጋቷ፣ መንገዱን እያየች። «እኔም አልጠረጠርኩም። የመድኃኒት ልክ የምናይበትን የድሮውን ሰንጠረዥ ማሽኑን አምኜ ከግድግዳው ላይ ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«ማን ጠየቀሽ ጥፋቱ የማን ነው? ጸልዪ ነው የምልሽ።»

ዩምናን ከላስቲክ ቤቷ በር ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኟት። ስታያቸው ፊቷ በራ።

«አሰላሙ አለይኩም! ምን እግር ጣላችሁ? ግቡ፣ ግቡ፤ ድምፅ ግን አታሰሙ። ገና አሁን ተኛልኝ። ሌሊቱን ሲንፈራገጥ ነው ያደረው። ወላሂ፣ የዛሬው መድኃኒታችሁ ፍቱን ነው፤ ወዲያው ነው ጥቅልል ያለው።»

ፈሂማ የቤቱን ምሰሶ ያዘች።

ሲስተር ንጋቷ ከልጁ ጎን ተንበረከከች። ስሙን ጠራችው። አልመለሰም። የጆሮውን ጫፍ ቆነጠጠችው፤ ግንባሩን ኮስተር አድርጎ መልሶ ተኛ። ሰዓቷን አውጥታ ደረቱን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ያች ደቂቃ ለፈሂማ ከአንኮበር አቀበት ረዘመች። የልጁ ደረት ከፍ ሲል እርሷም ትተነፍሳለች፤ ዝቅ ብሎ ሲቆይ እርሷም ትቆያለች።

«ሃያ» አለች ሲስተር። «እንሂድ። ክሊኒክ ሆኖ ነው መተኛት ያለበት።»

«ምን ሆነ?» ዩምና የያዘችውን ልብስ ጣለች። «ምን ሆነ ልጄ?»

«ልኩ በዝቶበታል እህቴ። አዲሱ መድኃኒት ይበረታል፤ ወረቀቱ ግን የድሮውን ልክ ነው የጻፈው። ማሽኑ...»

«ማሽኑ አይደለም» አለች ፈሂማ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «እኔ ነኝ። ልኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። አስተካክያለሁ ብዬ ሌላ ቦታ ነው ያስተካከልኩት።»

ዩምና ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ? የሐኪም ልብስ እንኳ የለሽም።»

«የለኝም።»

«ልጄን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ሳታይው ነው የምትለኪለት?»

ዩምና መልስ አልጠበቀችም፤ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ አንሥታ ነበር።

በክሊኒኩ ዶክተር ቃለ አብ ልጁን መርምሮ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አሰረለት። ለእናቱ በዝግታ አስረዳት፤ አንድ ጊዜ እጥፍ መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው፤ ነገር ግን ትንፋሹ እንዳይወርድ ዓይን ሳይነቀልበት መጠበቅ አለበት። ከወረደ እርሱ ራሱ ይረዳዋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪናም ደጅ ላይ ቆሟል። ፈሂማን አልተቆጣትም። ቢቆጣት በወደደች።

«ቁጥሩን አስተካከልሽው?» ብቻ አላት።

«ገና።»

«እንግዲያስ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገም ሕፃናት አሉ።»

ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። «ቅጂ» የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ከሥራው ውስጥ አውጥታ ከመጻፊያው ዓይን ወደ ራቀ ሌላ ዲስክ ወሰደችው። ትእዛዙን በአዲሱ ፋይል ውስጥ ዳግመኛ ጻፈችው። ቁልፉን ተጫነች፤ ወደ ትክክለኛው ፋይል ወሰዳት። አላመነችውም። አድራሻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቃል በቃል፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ቁጥሩን ቀየረች፤ ፕሮግራሙን አስነሣች፤ መልካሙን ጠራችው።

«በወረቀት አስላልኝ፤ የእኔን ሳታይ።»

«እኔ? ከሒሳብ ጋር ከተለያየን ዘመን አልፎናል።»

«ስለዚህ ነው የምፈልግህ። ቀስ ብለህ ነው የምታሰላው።»

አስልቶ መጣ። ሁለት ተኩል። ፕሮግራሙም ሁለት ተኩል አለ። ፈሂማ ግን ከመተላለፊያው ማዶ ያለውን ክፍል ነበር የምታዳምጠው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሲስተር ንጋቷ ቆጥራ «አሥራ ስምንት» አለች። ለእናቱ ሳይሆን ለሐኪሙ ነው ያለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ፈሂማ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ዶክተሩ የልጁን አገጭ ቀና አድርጎ ያዘ። ሻርፑ ተፈታ፤ ፊኛው ከልጁ ራስ አጠገብ ተቀመጠ። ዩምና ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች። ፈሂማም ከእናቷ የተማረችውን ሁሉ በልቧ ማለት ጀመረች፤ መሐል ላይ ሲጠፋባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ልጅ ሳለች በቃሏ የያዘችውን እየረሳች ነው፤ እርሷ፣ ረስታ የማታውቀው።

አሥራ ሰባት።

መኪናው እንዲነሣ ታዘዘ፤ ሞተሩ ደጅ ላይ ሲጮህ ተሰማ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አልጋውን ሊያንቀሳቅሱት ሲሉ፣ ልጁ በረጅሙ ተነፈሰና ዞሮ በጎኑ ተኛ። ሲስተር ንጋቷ ሰዓቷን ያዘች። አሥራ ዘጠኝ። ሐኪሙ እጁን አንሥቶ «ቆዩ» አለ። ደጅ ያለው ሞተር ግን እንዳይጠፋ አዘዘ። እየጮኸ ቆየ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኢስሀቅ ዓይኑን ገልጦ የላስቲክ ቤታቸው አለመሆኑን አየና አለቀሰ። እናቱም አብራው አለቀሰች። «አልሐምዱሊላህ» ማለትም፣ መሳደብም፣ መሣቅም ባንድ ጊዜ አማራት። ዶክተር ቃለ አብ ልጁ እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ይቆያል፤ የዛሬው ማታ መጠን ይዘለላል፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በትክክለኛው ልክ ይወስዳል አላት።

ፈሂማ ከበሩ አልገባችም ነበር። ዩምና ናት የጠራቻት።

«ነይ አንቺ። ግቢ።»

ገባች። ልጁን አየችው። ሽፋሽፍቱ ረጅም ነው፤ አገጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው።

«ነገ ጠዋት ስንት ነው የምሰጠው?»

መልሱ ከምላሷ ጫፍ ነበር። ጠዋት ብትጠየቅ ኖሮ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልስ ነበር። «አንድ ጊዜ ታገሺኝ» አለችና ወጣች። ቢሮዋ ሄዳ የልጁን ስም ከፈተች፤ ክብደቱን አየች፤ ወረቀቱን አተመች። መልካሙ በእጁ ያሰላውን ከጎኑ አስቀመጠች። ሲስተር ንጋቷ ዛሬ በብዕር ጽፋ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን አዲሱን ሰንጠረዥ ቆማ አነበበች። ሦስቱ አንድ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ተመልሳ የጠርሙሱን ጀርባ አነበበች፤ ብርታቱ የተጻፈበትን።

ስትመለስ ዩምና በር በሩን እያየች ነበር።

«ሁለት ተኩል።»

«ሁለት ተኩል» አለች ዩምና። ሽሮፕ የሚሳብበትን መለኪያ ስሪንጅ ዘረጋችላት። «ማንበብ አልችልም። ሳቢና አሳዪኝ፤ የቱ ጋ እንደሚቆም።»

ፈሂማ ሽሮፑን ወደ መለኪያው ሳበችው። መስመሩ ላይ አቆመችውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። መግፊያውን ትንሽ ሳብ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ቀዩ ፈሳሽ ከመስመሩ በላይና በታች ይዋልላል። ዩምና የእጇን አንጓ ያዘችላት፤ ፈሳሹ እስኪረጋ ድረስም አልለቀቀቻትም።